በዘነዘና የሄደው መድፍ

እርጥብ ዋንዛ ሲጠረብ የሚወጣው ሽታ በአፍንጫ ብቻ የሚገባ አይመስለኝም፤ ወደ ጉሮሮም ይወርዳል፤ በጥቂቱ ይጣፍጣል፣ በጥቂቱም ያንቃል። ባለፈው ጥቅምት ለጡረታ ወረቀት ጉዳይ ጅማ ሄጄ አወቱ መንደራ ሰፈር ባጃጅ ስጠብቅ፣ ከአንድ የቤት ዕቃ መሥሪያ ደጃፍ ያ ሽታ መጣብኝና ሁለት ባጃጆች አሳለፍኩ። ከመጋዙ ጀርባ የቆመው ወጣት አየኝ። «ጋሼ፣ ምን ልታዘዝ? አልጋ ነው ሶፋ?» አለኝ። የምገዛው እንደሌለ፣ እንጨቱን እያሸተትኩ እንደሆነ ነገርኩት። «እሱ እንኳ በነጻ ነው፤ ይጥገቡ» አለና መጋዙን አስነሣ። እኔ በዚያች ቅጽበት የማስበው ስለ አልጋም ስለ ሶፋም አልነበረም፤ ስለ አንድ አሮጌ መድፍ ነበር። ዋንዛና መድፍ ጅማ ላይ የተገናኙበት አንድ ክረምት ነበረ፤ እኔም በመካከላቸው ነበርኩ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ዓመቱን ከማስታወስ ይልቅ የሳምቡሳውን ዋጋ ማስታወስ ይቀለኛል፤ አንዱ አሥራ አምስት ሳንቲም ነበር፤ ከሻይ ጋር ስሙኒ ይበቃል። ቤልቦተም ሱሪ ዘመኑ አልፎበት ልብስ ሰፊዎች በማጥበብ ይተዳደሩ ነበር፤ ካድሬዎች ካኪ ይለብሳሉ፣ ሴቶች ከቀበሌ ሱቅ በደረሳቸው አንድ ዓይነት አበባማ ጨርቅ ቀሚስ አሰፍተው መንገዱን ሁሉ አንድ ቤተሰብ ያስመስሉታል። ስኳርና ሳሙና በኩፖን ነው፤ ወረፋ የያዘ ሰው ድንጋይ አስቀምጦ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል፤ ድንጋዩንም የሚነካ የለም። ከድልድዩ አጠገብ በነበረችው ሻይ ቤት ቴፑ አንድ የኦሮምኛ፣ አንድ የአማርኛ ዘፈን እያፈራረቀ ይጫወታል፤ ባትሪው ሲደክም ባለቤቱ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፤ እኛም ባትሪው እስኪሞቅ ድረስ ዝም ብለን እንቀመጣለን። ዛሬ በዚያ ቦታ የስልክ መሸጫ አለ፤ ሙዚቃው አይቋረጥም፤ ተቀምጦ የሚሰማው ግን አላየሁም። እኔ ያን ጊዜ የሃያ አራት ዓመት የታሪክ መምህር ነበርኩ፤ የትምህርት ቤቱም ቤተ መጻሕፍት ቁልፍ በእኔ እጅ ነበር። ከረባት የማስረው እኔ ብቻ ነበርኩ። ንግግሬ ከመጽሐፍ የተቀዳ ስለነበር የሻይ ቤቱ ደንበኞች «በርሲሳ ሲያወራ ነጥብና ሰረዙ ሳይቀር ይሰማል» እያሉ ይሳለቁብኝ ነበር፤ በርሲሳ በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው። እኔም ስድብ መሆኑ ሳይገባኝ አመሰግናቸው ነበር።

መድፉ ከቀበሌያችን ጽሕፈት ቤት ጓሮ ሁለት ድንጋይ ላይ ተጋድሞ ይኖር ነበር። መንኮራኩሮቹ ከጠፉ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ የቀረው ረጅሙ የብረት አካልና ከሥሩ ያለው ዘንግ ነበር። የግቢው ሴቶች በርበሬ የተሰጣበትን ሰፌድ ያስቀምጡበታል፤ ዝናብ ሲመጣ ዶሮዎች ከሥሩ ይጠለላሉ። በዚያ ክረምት ቁርጥራጭ ብረት ተሰብስቦ እንዲላክ ሰርኩላር መጣ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ተሾመ የመድፉን ርዝመት በእርምጃ ለኩ፤ በጫማቸውም ጫፍ መታ መታ አደረጉት።

«ይኼ ብቻውን ኮታችንን ይሞላል» አሉ።

በዚያ ቆመው ከነበሩት አንዱ አባ ዋሪ ነበሩ። አባ ዋሪ በርጩማና መሀሉ ጎድጎድ ያለ የእንጨት ገበታ የሚጠርቡ፣ ስማቸው እስከ አጋሮና ሊሙ የሚታወቅ ጠራቢ ናቸው፤ ያን ጊዜ ስድሳውን ሳያልፉ አልቀሩም። ተናጋሪ ሰው አልነበሩም። ያን ዕለት ግን ኮፍያቸውን አስተካክለው ወደ ሊቀ መንበሩ ቀረቡ።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ይህን ብረት ይተዉልኝ።»

«ለምን? ሊተኩሱበት ነው?»

«አባቴ ይተኩሱበት ነበር» አሉ አባ ዋሪ። በድሮው ዘመን፣ በረመዳን፣ ፀሐይ ስትገባ ይህ መድፍ ከጅሬን ኮረብታ ላይ በባዶ ባሩድ ይተኮስ እንደነበረ፣ ከተማውም ሁሉ ጾሙን የሚፈታው በእርሱ ድምፅ እንደነበረ፣ ተኳሹም አባታቸው እንደነበሩ ተናገሩ። «አባቴ ፎቶግራፍ የላቸውም። መቃብራቸውንም ጎርፍ ወስዶታል። የቀረኝ ይህ ነው።»

ጓድ ተሾመ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ከላይ የሚመጣ ደብዳቤ የሚፈሩ ሰው ነበሩ። ጥቂት አሰቡና ፍርዳቸውን ሰጡ፤ መድፉ በአብዮት በዓል ሰልፍ ላይ በገዛ መንኮራኩሩ ቆሞ ካለፈ «የትምህርት መሣሪያ» ተብሎ ይመዘገባል፤ ካልሆነ በማግስቱ የጭነት መኪናው ይወስደዋል። መንኮራኩሩን አባ ዋሪ ይሥሩ፤ የመድፉን ታሪክ በአንድ ገጽ እኔ ልጻፍ። «ከአንድ ገጽ እንዳያልፍ፣ ጓድ መምህር» አሉኝ፤ ያውቁኛልና። ሦስት ሳምንት ነበረን። የጋሪ ጎማ ብንጠቀም ብለን ነበር፤ ጎማ ግን ለጋሪዎቹም ጠፍቶ ነበር።

አሁን መናዘዝ ያለብኝ አንድ ነገር አለ፤ በዚያን ሰሞን ያንቀሳቀሰኝ የአባ ዋሪ ኀዘን አልነበረም። የማወቅ ጉጉት ነበር። በርበሬውን ጠርጌ ጥይት በሚጎርስበት በኩል ያለውን ብረት በኖራና በጨርቅ ሳሸው ባለ ሁለት ራስ ንስር፣ ከላዩ ዘውድ፣ ከሥሩም የማላነባቸው ፊደላት ወጡ። ቤተ መጻሕፍታችን ውስጥ የውጭ አገር መምህራን ትተውት የሄዱት፣ ግማሹ ቅጽ የጎደለው አሮጌ ኢንሳይክሎፒዲያ ነበር፤ ዕድሌ ሆኖ ስለ መድፍ የሚናገረው ቅጽ አልጎደለም። ሦስት ቀን አነበብኩ። በባልካን አገሮች፣ ሰርቢያ፣ ቡልጋሪያ፣ ሩማንያ፣ ግሪክ፣ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ጦሩ ሁሉ እንዲህ ያለ ስድስት ፈረስ የሚጎትተው የሜዳ መድፍ ነበረው። ከኋላ ይጎርሳል። በተተኮሰ ቁጥር መላ አካሉ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ወታደሮቹም ገፍተው ወደ ቦታው ይመልሱታል፤ እንደገና ያነጣጥራሉ፤ እንደገና ይሸሻል። ይህን ሳነብ የተሰማኝን መደነቅ ዛሬም አልረሳውም። ጦርነት ማለት ለካ ግማሹ መግፋት ነው። በሥዕሉ ላይ ያለው መንኮራኩር ከሰው ደረት ጥቂት ዝቅ ያለ፣ ከመሀል እምብርቱ ወደ ጠርዙ አሥራ ሁለት የእንጨት ዘንጎች የተዘረጉለት ነበር፤ የአማርኛ ስም ስላጣሁላቸው «ክንዶች» አልኳቸው። ሥዕሉንም ገልብጬ ለአባ ዋሪ ሰጠኋቸው።

ንስሩን አይቼ የሩሲያ ነው ብዬ ነበር። እርግጠኛ ለመሆን ፊደሎቹን በወረቀት ገልብጬ በአጋሮ አውቶቡስ ተሳፈርኩ፤ በመንገድ ላይ ባለ አንድ የመንግሥት ቡና እርሻ ስቶያን የሚባል ቡልጋሪያዊ የእርሻ ባለሙያ እንዳለ ሰምቼ ነበር። ችግኝ መካከል ተንበርክኮ አገኘሁት። በእንግሊዝኛ ዓላማዬን አስረዳሁት። ወረቀቱን ተቀብሎ ወደ ብርሃን አዞረው።

«የሩሲያ አይደለም። በንስሩ ደረት ላይ መስቀል ያለበት ጋሻ አለ፤ አየኸው? የጎረቤቶቻችን የሰርቦች ነው» አለ። ቀጥሎም ሣቀ። «ከሰርቦች ጋር በተዋጋንበት ጊዜ የአያቴ አባት ከዚህ መድፍ ፊት ቆሞ ያውቃል። ከኋላው አይደለም፤ ከፊቱ። ሊያየኝ መጥቶ ነው እንዴ ቡና አገር ድረስ?»

እንዴት እንደመጣ እርሱም አያውቅም፤ እኔም ዛሬ ድረስ አላውቅም። የማይሸሽ አዲስ መድፍ ሲፈለሰፍ አሮጌዎቹ ለነጋዴ ተሽጠው፣ በቀይ ባሕር ወደብ፣ በበቅሎና በሰው ትከሻ፣ ምናልባትም በቡና ተለውጠው መጥተው ይሆናል። ይህ ግምት ነው። በገጼ ላይም ግምት መሆኑን ጻፍኩ። ጓድ ተሾመ አነበቡት።

«ሰርቢያ የት ነው?»

«ዛሬ በዩጎዝላቪያ ውስጥ ይገኛል።»

«ሶሻሊስት ነው?»

«በራሱ መንገድ ነው።»

«በራሱ መንገድ የሚባለውን ሰርዘው። ዘውዱ ላይ አበባ ይደረግበታል።»

እኔ በንስር ስመራመር አባ ዋሪ ሰቶ ሰመሮ በኩል ባለው ግቢያቸው መንኮራኩሮቹን ጨርሰው ነበር። ዞሬ ዞሬ አየኋቸው። የጅማ ጠራቢ ሚስማር አያውቅም፤ ማያያዣም አያውቅም፤ በርጩማው ከነእግሩ፣ ወንበሩ ከነመደገፊያው ከአንድ ግንድ ይወጣል። አባ ዋሪም መንኮራኩሩን እንዲሁ አድርገውት ነበር። ከአንድ ትልቅ ዋንዛ ግንድ ሁለት ጠፍጣፋ አውጥተው፣ እምብርቱን፣ አሥራ ሁለቱን ክንዶች፣ ጠርዙን፣ ሁሉንም ሳይነጣጠል ፈልፍለውታል። ክንዶቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታ እንደ ዳንቴል ነበር። ግንዱ የፈቀደው ያን ያህል ስለሆነ ቁመታቸው ከሥዕሉ በግማሽ ሜትር ያህል ያጠረ ነበር፤ መድፉ ቢሰቀልባቸው በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ ይመስል ነበር።

እኔ ግን መጽሐፍ አንብቤአለሁ። «አባ ዋሪ፣ መጽሐፉ እንደሚያስረዳው መንኮራኩር ከብዙ ቁራጮች የሚገጣጠም ነው። ክንዱ ሁሉ በእንጨቱ ጅማት አቅጣጫ መሆን አለበት። እንጨቱም ለዓመታት የደረቀ ሊሆን ይገባል።»

«በርሲሳ» አሉኝ በትዕግሥት፣ «የተገጣጠመ ዕቃ ጠብ የያዛቸው ጎረቤታሞች ማለት ነው። አንድ ቀን ይለያያል። አንተስ ከስንት ቁራጭ ነው የተሠራኸው?»

ቀጥቃጩ ጎረቤታቸው ከተሰባበረ መኪና በተገኘ ብረት ዙሪያውን የሚያጥር ቀለበት ሠራ። ብረቱ ግሎ እንጨቱ ላይ ተጠለቀ፤ ውኃ ተደፋበት፤ እንፋሎቱ ግቢውን ሞላው። ቀለበቱ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ የተገጣጠመ መንኮራኩር ቢሆን መጋጠሚያዎቹን ያጠብቅለት ነበር። የአባ ዋሪ ግን የሚያጠብቀው መጋጠሚያ አልነበረውም። አንድ ድምፅ ሰማን፤ ደረቅ እንጨት ጉልበት ላይ ሲሰበር የሚያሰማውን ዓይነት። ከእንጨቱ ጅማት በተሻገሩት ክንዶች ላይ ስንጥቁ ከእምብርት እስከ ጠርዝ ሄደ። ቀጥቃጩ ጉጠቱን መሬት ላይ ጣለ። አባ ዋሪ ስንጥቁን በአውራ ጣታቸው እስከ ጫፉ ተከተሉት። ለበዓሉ የቀረው አሥር ቀን ነበር።

እኔ በመጽሐፌ ትክክል መሆን ያን ያህል አስጠልቶኝ አያውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ አገኘኋቸው። ከዚያ በፊት ትምህርት ቤቱን ረግጠውት አያውቁም። «ያንን መጽሐፍ አንብብልኝ» አሉ። ቅጹን ተሸክሜ ግቢያቸው ሄድኩ። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ወደ አማርኛ መለስኩ፤ ያልገባቸውን ባለቤታቸው አደ ዘቢባ በኦሮምኛ ደገሙላቸው። እርሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው በእጃቸው አየሩን እየዳበሱ ያዳምጡ ነበር። ክንዶቹ ቀጥ ብለው እንደማይቆሙ፣ መንኮራኩሩ ከአንድ ወገን በጥቂቱ ጎድጎድ ማለት እንዳለበት ለማስረዳት ሩብ ሰዓት ስታገል ዓይናቸውን ገለጡ።

«ገበታ ነው በለኛ። ገበታ በል፣ አለቀ።»

ጥበቡ ያን ያህል አላስቸገራቸውም፤ ያስቸገረው ደረቅ እንጨት ነበር። ለልጃቸው የሠርግ አልጋ ብለው ከጣሪያ ሥር ለዓመታት ያቆዩት ጣውላ ነበር፤ አደ ዘቢባ «አልጋው ይቆይ፤ ባሉም ገና አልመጣ» ብለው ፈቀዱ። እርሱ ግን የሚበቃው ለጠርዞቹ ብቻ ነው። ሃያ አራት ክንዶችና ሁለት እምብርቶች ከየት ይምጡ? ከተማውን ዞርን፤ ያገኘነው ሁሉ ትናንት የተቆረጠ ነበር። ተመልሰን ደጃፍ ላይ ተቀመጥን። አደ ዘቢባ በርበሬ ይወቅጡ ነበር፤ ዘነዘናቸውን በአየር ላይ ያዙት።

«ሁለት ወንዶች ደረቅ እንጨት ጠፋ ብላችሁ ትተክዛላችሁ። ይኼ በእጄ የያዝኩት ከተዳርኩ ጀምሮ ምን ሲሆን የኖረ ይመስላችኋል?»

አባ ዋሪ ዘነዘናውን ተቀበሏቸው፤ በጥፍራቸው መቱት። ድምፁ እንደ ሸክላ ጠራ። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ሙቀጫው ወረደ፤ ክብ፣ ወፍራም፣ መሀሉ ክፍት። እኔም በዚያው ቅጽበት ሥዕሉ ላይ ያለውን እምብርት አየሁት።

በዚያ ሳምንት ያየሁትን ያህል የዘነዘና ዓይነት በሕይወቴ አላየሁም። አደ ዘቢባ ቤት ለቤት ዞሩ፤ ከሰቶ ሰመሮ እስከ ቦሳ አዲስ። ሙስሊሟም ክርስቲያኗም አዋሰች፤ ግን ሁሉም ለውሰት ነው፤ ሁሉም የራሷን በክር፣ በጭረት፣ በከሰል ምልክት አደረገችበት። አንዷ «ሰርቢያ ማን ናት? ዘነዘናዬን ይዛብኝ እንዳትሄድ» ብላ አስጠነቀቀችን። ቡና የወቀጠው ጥቁር፣ በርበሬ የወቀጠው ቀይ ነበር። አባ ዋሪ ጫፍ ጫፋቸውን ብቻ በመሮ አስተካክለው ሙቀጫዎቹ ጎን ላይ ዙሪያውን በፈለፈሏቸው ቀዳዳዎች ተከሏቸው፤ የመንኮራኩሮቹም ቁመት ልክ እንደ ሥዕሉ ሆነ። ቀጥቃጩ ብረቱን እንደገና ሲያጠልቀው ሁላችንም ጆሯችንን አቀናን። የተሰማው መጋጠሚያዎቹ እርስ በርስ ሲተቃቀፉ የሚያሰሙት ተራ በተራ የሆነ ትንሽ ጩኸት ብቻ ነበር፤ ከዚያ ጸጥታ። አባ ዋሪ «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ቀጥሎም ወደ እኔ ዞረው፣ «ጎረቤታሞቹ ታርቀዋል» አሉኝ።

በበዓሉ ዕለት የቀበሌው ወጣቶች በገመድ ጎተቱት። ድልድዩን ሲሻገር እኔ ከጎኑ እየሄድኩ የምመለከተው መንኮራኩሩን ብቻ ነበር። መንገዱ ዳር የቆሙት ሴቶች ግን መፈክሩን ትተው ይቆጥሩ ነበር። «ያ የኔ ነው፤ ያ፣ አሁን ወደ ላይ የወጣው።» «ዝም በይ፣ ያ የኔ ነው፤ ያንቺ ጠማማው ነው።» ሙቀቱ ሲጨምር መድፉ የበርበሬ ሽታ ይሸት ጀመር፤ ሁለት ካድሬዎች አስነጠሳቸው። ጓድ ተሾመ ከመድረኩ ሲወርዱ መዝገባቸውን አስመጥተው «የትምህርት መሣሪያ» ብለው በገዛ እጃቸው ጻፉ። በማግስቱ የጭነት መኪናው አሮጌ በርሜሎችና ምድጃዎች ጭኖ ሄደ።

ባለቤቶቹ ግን ዘነዘናቸውን ፈለጉ። አባ ዋሪ የተሰነጠቁትን የዋንዛ መንኮራኩሮች ቆራርጠው፣ ሌላም እንጨት ገዝተው፣ እስከ ቡና ለቀማ ድረስ ሃያ አራት አዳዲስ ዘነዘናና ሁለት ሙቀጫ ጠረቡ፤ ቤት ለቤት እየዞሩም ሰጡ። አዲሱ ዘነዘና እንጨት እንጨት ይላል ተብሎ ለወራት ታሙ።

ረመዳን የገባው በሚያዝያ መጨረሻ፣ ዝናቡ ሲጀማምር ነበር። በመጀመሪያው ቀን፣ ፀሐይ ልትገባ ስትል፣ በጽሕፈት ቤቱ በኩል ሳልፍ አባ ዋሪን አገኘኋቸው። መድፉ ወደ ፊት ለፊቱ ደጃፍ ተዛውሮ ነበር፤ አፈሙዙም በአጋጣሚ ወደ ጅሬን ያያል። እርሳቸው ከኋላው ቆመዋል፤ ክርናቸው ብረቱ ላይ ሳይጎነበስ ሳይንጠራራ ልክ አርፎ ነበር። አባታቸው እንዲሁ ክርናቸውን አስደግፈው ፀሐይዋን ይጠብቁ እንደነበር፣ የሁለታቸውም ቁመት እኩል እንደነበር ገና አሁን እንዳወቁ ነገሩኝ። በልጅነታቸው የሚቆሙት ከመንኮራኩሩ አጠገብ ነበር፤ አባታቸውን ሁልጊዜም ቀና ብለው ነበር የሚያዩአቸው። በአንደኛው እጃቸው ሦስት የቴምር ፍሬ ይዘዋል።

ከመስጊዱ አዛን ተሰማ። በየደጃፉ ሰው ጎንበስ አለ፤ የኩባያ ድምፅ፣ የሕፃናት ድምፅ ተነሣ። አባ ዋሪ አልተንቀሳቀሱም። ጥቂት ጠበቅኩ፤ ከዚያ አዛኑን ያልሰሙ መሰለኝ።

«አባ ዋሪ፣ ሰዓቱ ደረሰኮ። ሰው ሁሉ እየበላ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ» አሉ፤ ዓይናቸውን ከኮረብታው ሳያነሡ። «ተኳሽ መጨረሻ ነው የሚበላው።»